ስንደዶ የነካው ታብሌት

ባጃጁ ሹም አቦ መታጠፊያ ላይ ተሳፋሪ ለመሙላት ሲቆም፣ ርሆቦት የራሷን ሳቅ ሰማች።

መጀመሪያ አጠገቧ የሆነች ልጅ የሳቀች መሰላት። ዞር አለች። ከጎኗ የተቀመጡት ነጠላ ያጣፉ ሴትዮ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በጠዋት የሚስቁ ሰው አይመስሉም። ሳቁ የመጣው ከፊት፣ ከሾፌሩ ስልክ ነው። ሾፌሩ ቪዲዮውን ከመጀመሪያው አስነሣና ስልኩን ወደ ኋላ አዞረላቸው።

«እስቲ እኚህን መምህር እዩልኝ» አለ። «ታብሌት በስንደዶ ይወጋሉ። በሳቅ ገደሉኝ እኮ።»

ርሆቦት አየች። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ታብሌት ላይ አጎንብሰው፣ በቀጭን ስንደዶ ጫፍ ስክሪኑን ነካ ነካ ያደርጋሉ። ታብሌቱ ዝም ይላል። «ምነው፣ አኮረፍህ?» ይሉታል፤ ደግመው ይነኩታል። የሚያስጨፍር ሙዚቃ ገብቶበታል፤ ከላይ «ዲጂታሉ ሼባ» የሚል ተጽፎበታል። መጨረሻው ላይ ከካሜራው ጀርባ ያለች ልጅ ከት ብላ ትስቅና ሳቋን በስቅታ ትጨርሳለች። ይቺ ስቅታ የርሆቦት ናት። ቤት ውስጥ ወንድሟ በየቀኑ የሚያበሽቃት በእሷ ነው።

ቪዲዮውን የቀረጸችው ራሷ ናት፤ ሰኞ በምሳ ሰዓት፣ ፊዚክስ ላብራቶሪ ውስጥ፣ በገዛ ስልኳ። ከራሳቸው ከመምህሩ ሌላ የላከችው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

«ስንት ሰው አይቶታል?» ብላ ጠየቀች።

«መቶ ሰማንያ ሺህ። ገና ትናንት ማታ የተለቀቀ እኮ ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «የሰው አባት ናቸው» አሉ። ሾፌሩም ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሞተሩን አስነሣ። ርሆቦት እስከ ትምህርት ቤት በር ድረስ መንገዱን አላየችውም።

መምህር መርስዔ ኀዘን ፊዚክስ ሲያስተምሩ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። አባታቸው ጣና ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ቄስ ስለነበሩ፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት ንባብ ቤት ነው። ክፍል ውስጥ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ ይሞሉታል። ድሮ ተማሪ ይገለብጥ ነበር፤ የአሁኖቹ ግን ደወል ሲደወል ተነሥተው ፎቶ ያነሡታል። አንድ ቀን «ፎቶውንስ ማን ያነበዋል?» ብለው ጠየቁ። የመለሰ አልነበረም፤ ያነበበም አልነበረማ።

ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ታብሌትና ትልቅ ስክሪን ገዛ። ተማሪ ስልክ ይዞ እንዲገባ ተፈቀደ። መምህራን ደግሞ «በስልክ ላደገ ልጅ በሚስማማ መንገድ» እንዲያስተምሩ ታዘዘ። ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ገምጋሚ መጥቶ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያያል፤ ያልቻለ መምህር ከክፍል ይነሣል። መምህር መርስዔ ኀዘን ካልቻሉ የት እንደሚመደቡም ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ የተሰበረ ወንበር ሊጠብቁ።

ያኔ ነው ርሆቦትን ኮሪደር ላይ ያስቆሟት።

«ያንን ስክሪን አንቺ ስትነካኪው እሺ እንደሚል አይቻለሁ» አሏት። «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ የኔታ ነሽ፣ እኔ ተማሪሽ ነኝ።»

ቀልድ መስሏት ሳቀች። ቀልድ አልነበረም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓት ላብራቶሪ ሲገናኙ፣ እሷ ስትገባ ብድግ ይሉላት ነበር። «ኧረ በማርያም ቲቸር፣ ይቀመጡ» ብትል አይሰሟትም። «ለየኔታ ይነሣል» ይላሉ። እንድትቀርጻቸው የጠየቁትም ራሳቸው ናቸው። «ንባብ ቤት ሳለሁ ስሳሳት የኔታ ይሰሙኝ ነበር፤ አሁን የሚሰማኝ የለም። ስሳሳት ቅረጪኝ፣ ቤቴ ገብቼ ጥፋቴን አየዋለሁ» አሏት።

ሰኞ ዕለት ስንደዶዋን ከሸሚዝ ኪሳቸው ሲያወጡ ርሆቦት እየቀረጸች ነበር። ስቃ ስታበቃ ስልኩን አጠፋችው። ምክንያቱን የነገሯት ከዚያ በኋላ ነው። «የኔ የኔታ ፊደል በጣት ስንነካ ይገርፉን ነበር፤ ብራናው ያድፋላ። በስንደዶ ነበር የምንጠቁመው። ይኸው ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ እጄ እስካሁን ይፈራል።» ከዚያ ጣታቸውን በመሐረብ ጠርገው ስክሪኑን ነኩት፤ ተከፈተ። ይሄኛው ግን አልተቀረጸም። ለሊድያ የላከችውም ያንን የፊተኛውን ነው፤ «ለማንም እንዳታሳዪ» ብላ፣ ሦስት የሚስቁ ፊቶች ጨምራ።

ሊድያ በሩ ላይ እየጠበቀቻት ነበር። ፊቷ በርቷል።

«ሪሁ፣ አየሽው? ሁለት መቶ ሺህ ሊገባ እኮ ነው። እኔ በሕይወቴ ሺህ ተመልካች አግኝቼ አላውቅም።»

«ለማንም እንዳታሳዪ ብዬሽ ነበር።»

«አቦ አታካብጂ። ስምሽ የለ፣ ፊትሽ የለ። ማን ያውቃል?»

«ሳቄ አለበት።»

ሊድያ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «ሳቅማ የማንም ይሆናል» አለች ቀጥላ፤ አነጋገሯ ግን እሷንም ያሳመናት አይመስልም።

«አጥፊው።»

«እሺ፣ አጠፋዋለሁ። ግን ስንቱ አውርዶታል መሰለሽ፤ እኔ ባጠፋው ምን ዋጋ አለው?»

ርሆቦት ቆመች። ለስድስት ዓመት አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጠችውን ጓደኛዋን ዛሬ ገና እንደምታያት ሁሉ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣባትና ይበልጥ አስደነገጣት፤ ሊድያ የለቀቀችው እሷ የላከችላትን ነው።

ሰልፍ ላይ ምክትል ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «በመምህራችን ላይ የተሠራውን ሁላችሁም አይታችኋል» አሉ። «ይህን ያደረገ ተማሪ ዓመቱን ሙሉ ይታገዳል። እስከ ዛሬ ማታ ካልታወቀ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ስልክ የሚባል በዚህ በር አይገባም።» ሰልፉ አጉረመረመ። መምህር መርስዔ ኀዘን ከመምህራኑ ጋር እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ርሆቦት አሁን ስሜን ይጠራሉ ብላ ጠበቀች። እሳቸው እስከሚያውቁት ቪዲዮው የነበረው በእሷና በእሳቸው ስልክ ብቻ ነው። እሳቸው ግን መሬቱን እያዩ ዝም አሉ።

ገምጋሚዎቹ የሚመጡት ያን ዕለት፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነው። ርሆቦት በእረፍት ሮጣ ላብራቶሪው በር ላይ ደረሰች። መምህሩ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር።

«ቲቸር፣ እኔ…» አለች።

ቀና ብለው አዩዋት። ዓይናቸው ሥር አብጧል፤ ሌሊቱን እንዳልተኙ ያስታውቃሉ። «ቆይ የኔታ» አሏት ቀስ ብለው፤ «አሁን ተማሪሽ ፈተና አለበት።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ዛሬም የኔታ ማለታቸው እግሯን አሰራት፤ ደወሉ እስኪደወል እዚያው በር ላይ ቆማ ቀረች።

አሥረኛ «ለ» እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሁለት ገምጋሚዎችና ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ከኋላ ተቀምጠዋል። መምህር መርስዔ ኀዘን ታብሌቱን ከስክሪኑ ጋር ራሳቸው አገናኙት፤ ርሆቦት እንዳስተማረቻቸው፣ ደረጃ በደረጃ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ። ሰሌዳው ባዶ ነው። ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉና ነኩት።

ስክሪኑ ላይ የመጣው ያ ቪዲዮ ነው፤ ከነሙዚቃው፣ ከነ«ዲጂታሉ ሼባ»።

ማንም አልሳቀም። አንድ ልጅ «ወይኔ» ሲል ተሰማ። ገምጋሚዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ርሆቦት ቪዲዮውን በቃሏ ታውቀዋለች፤ ርዝመቱ ሃያ ሁለት ሰከንድ ነው፣ ሳቁ የሚጀምረው በሃያኛው ነው። በልቧ ቆጠረች። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። ዴስኩን ጨብጣ ያዘች። የመምህሩ ጣት ወረደና ቪዲዮው ቆመ።

«ይህ ሰውዬ እኔ ነኝ» አሉ መምህሩ። «ትናንት ማታ ልጄ ስታሳየኝ ደነገጥሁ። አልዋሻችሁም፣ አፈርሁ። ኋላ ግን ተቀምጬ አስተያየቱን ሁሉ አነበብሁ። ይህን ሁሉ ሰው አስቄ፣ አንድ ሰው እንኳ ታብሌቱ ለምን እንቢ እንዳለ አልጠየቀም። እናንተ ንገሩኝ። ስልካችሁን አውጡና ፈትኑት።»

ተማሪዎቹ ተያዩ። ከዚያ ቦርሳ ተከፈተ፣ ስልክ ወጣ። አንዱ በእስክሪብቶ፣ አንዱ በላጲስ፣ አንዷ በሻርፗ ጫፍ ስክሪኑን ትነካ ጀመር። የቤት ቁልፍ የሞከረ አለ፣ በአፍንጫው የሞከረም አለ። «በአፍንጫ ይሠራል» ሲል ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። መምህሩም አብረው ሳቁ።

«አፍንጫ ሠርቶ ስንደዶ ለምን አይሠራም?»

ባምላክ የሚባለው ዝምተኛ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ስክሪኑ ላይ ኤሌክትሪክ ቻርጅ አለ። ሰውነታችን ስለሚያስተላልፍ ስንነካው ከቻርጁ ትንሽ ይስባል፣ ስልኩም ያንን ያውቃል። ደረቅ ስንደዶ አያስተላልፍም።»

«ጎሽ። ታዲያ ይቺን ስንደዶ ማስተማር አይቻልም ትላላችሁ?»

ጠዋት በጣና ዳር ሲያልፉ የቀዱትን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዘው መጥተዋል። የስንደዶዋን ጫፍ በትንሽ ጥጥ ጠቀለሉና እስከ መያዣዋ ድረስ ነከሯት። ውሃዋ እየተንጠባጠበ የቪዲዮውን መመለሻ ምልክት ነኩባት። ቪዲዮው ከመጀመሪያው ተነሣ። ክፍሉ በአንድ ጊዜ አጨበጨበ፤ አንደኛው ገምጋሚ ተነሥቶ ቀረበና በራሱ ስልክ ሞከረው።

ርሆቦት ግን አላጨበጨበችም፤ እየቆጠረች ነበር። አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ። እርጥቧ ስንደዶ ወረደችና ቪዲዮው እዚያችው ቦታ ላይ ቆመ። ሁለተኛ ጊዜ ነው። አሁን ጥርጣሬ አልቀራትም፤ ሰውዬው ሳቋን እየደበቁላት ነው። ያዋረደቻቸው እሷ ሆና ሳለ፣ በሥራቸው ላይ በሚፈረድበት ሰዓት እንኳ እሷን እየጠበቁ ነው። ይህ ከጠዋቱ ድንጋጤ ይከብድ ነበር።

«መምህር» አሉ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ከኋላ፤ «ማን እንደ ቀረጸዎ ያውቃሉ ማለት ነው?»

«ያስቀረጽሁት እኔው ነኝ፤ ጥፋቴን ላይበት።»

«ወደ ሰው ያወጣውስ?»

«እሱን ሲያደርግ ያየሁት ሰው የለም።»

«እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ ስልክ አይገባም።»

ክፍሉ አጉረመረመ። መምህር መርስዔ ኀዘን አልተከራከሩም። ስንደዶዋን እንደገና ውሃ ውስጥ ነክረው ወደ ተማሪዎቹ ዘረጉ። «እስቲ አንድ ሰው ይምጣና ይሞክር» አሉ። ብዙ እጅ ወጣ። ወደ ርሆቦት አላዩም፤ ሆን ብለው ሌላ ሌላውን ወገን ያያሉ።

ርሆቦት እጅዋን አላወጣችም። ዝም ብላ ተነሣች።

«ተይ» አለች ሊድያ እጅጌዋን ይዛ። ፊቷ አመድ መስሏል። «ሪሁ፣ ዓመቱን ነው የሚያግዱሽ።»

«አውቃለሁ። ያንቺን ስም አልጠራም» አለቻትና እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

ከዴስኩ እስከ ሰሌዳው ስምንት እርምጃ ነው። መምህሩ ስትመጣ አዩና ስንደዶዋን መለስ አደረጉ፤ ሌላ ሰው ይምጣ ለማለት አፋቸውን ከፍተው ነበር። እሷ ግን እጇን እንደዘረጋች ቆመች። ሰጧት። ጥጡ ቀዝቃዛ ነው፤ ውሃው በጣቶቿ መካከል ወረደ።

ቪዲዮው ሃያኛው ሰከንድ አፋፍ ላይ ቆሟል። ርሆቦት ጫፏን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

ሳቋ ክፍሉን ሞላው። ከት ብሎ ወጣ፣ ቀጠለ፣ በስቅታም አለቀ። ሠላሳ ስምንት ተማሪ ያንን ስቅታ ዓመቱን ሙሉ ሰምቶታል፤ ሁሉም ወደ እሷ አየ። ስንደዶዋን ለመምህሯ መለሰችና ፊቷን ወደ ኋላው ወንበር፣ ወደ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል አዞረች።