ያለ ጀርም ያበጠ ጉልበት

እናቷ የእሷን ኩባያ ከሌሎቹ ለይታ መስኮቱ ላይ ስታስቀምጥ «መርማሪዋ» የሚሏት ልጅ አየቻት። ፎጣዋም ለብቻው ተሰቅሏል። ትንሹ ወንድሟ እንዳይጠጋት ተነግሮታል። ለእናቷ ቀልቶና አብጦ የሚሞቅ ጉልበት ጀርም የገባበት ነው፤ ጀርም ደግሞ ይጋባል።

«እማ፣ አልቆሰለም እኮ። በየት በኩል ገባ?»

«ሲገባ እኔን ያስፈቅዳል? አርፈሽ ተቀመጪ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ የሚለውን ስም ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንዴ ጥያቄ ከያዘች አትለቅም። ጉልበቷ ያበጠው ለነገው የሩጫ ማጣሪያ ስትል ሳምንቱን ሙሉ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከርማ ነው። ጀርም ከሌለ አልታመመችም፤ ካልታመመች ትሮጣለች። ነገሩ እንዲህ ቀላል መሰላት።

ትምህርት ቤት ስትደርስ ማንከሷን እንደምንም ደብቃ የባዮሎጂ መምህሯን ላብራቶሪው በር ላይ ያዘቻቸው። ጉልበቷን አይተው፣ አንዳንድ ነገር ጠይቀው፣ ቁስልም የሰውነት ትኩሳትም ስለሌላት የጀርም አይመስለኝም አሏት። ደስ አላት። አፏ ግን አላርፍ አለ።

«ታዲያ ቲቸር፣ ጀርም ከሌለ ጀርም የሚዋጉት የሰውነት ወታደሮች ምን ሊሠሩ መጡ?»

መምህሩ ሳቅ አሉ። ወታደሮቹ የግድ ጠላት እስኪያዩ አይጠብቁም። ሕዋሳት ከአቅማቸው በላይ ሲለጠጡና ሲጎዱ፣ ውስጣቸው መቆየት የነበረበትን ነገር ወደ ውጭ ይለቃሉ። ያ የድረሱልን ጥሪ ነው። ጎጆ ሲፈርስ ጎረቤት የሚሮጠው ሌባ አይቶ ሳይሆን ጩኸት ሰምቶ ነው፣ አሉ። የመከላከያ ሕዋሳቱም ይደርሳሉ፤ የደም ሥሩ ይሰፋል፣ ፈሳሽ ይሞላል፣ ቦታው ይቀላል።

«ስለዚህ ጠላት የለም?»

«የለም። ጩኸቱ ግን የእውነት ነው።»

ውጭ ስትጠብቃት የነበረችው ጓደኛዋ፣ ጥይት የሚሏት፣ ወሬውን ስትሰማ አጨበጨበች። ጀርም ከሌለማ ምን ቀረ? ረጅም ካልሲ አድርጋ ብትሮጥ ማን ያያል?

«ፋራ አትሁኚ፣ በቃ ነገ እንሮጣለን» አለቻት።

መርማሪዋ መዳፏን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ይሞቃል። ከቆዳዋ ሥር ስንቱ ጥሪውን ሰምቶ ደርሷል። ያልደረሰች እሷ ብቻ ነበረች።

የሩጫ አሠልጣኟ ክፍል ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው። በልጆች መሃል፣ ማንከሷን ሳትደብቅ፣ ጉልበቷን ልታሳይ ወደዚያ ሄደች።