ከፍራሹ ግራ በኩል

እናቷ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ለሁለት ቀን ከቤት ወጣች። ጠጋኟ ያንን ሁለት ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው።

ጠጋኟ የሚሏት ስልክ ስለምትጠግን ነው። ማንም አላስተማራትም። የሞቱ ስልኮችን እየፈታች፣ በሕይወት ያሉትንም አንዳንዴ እየገደለች፣ በራሷ የለመደችው ሙያ ነው። ኩራቷም ከዚያ የመጣ ነው፤ ምላሷ ግን አብሯት የተወለደ ነው። ሱቄ የምትላት ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ስር የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። እዚያ ተቀምጣ፣ «ውኃ ገባበት» ለሚላት ደንበኛ፣ «ውኃ በእግሩ ሄዶ አይገባም፤ አንተ ነህ የከተትከው» ትለዋለች። ከዚያ ትጠግንለታለች።

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ከሞተ አራት ወሩ ነው። በነዚህ አራት ወራት ጠጋኟ ያልነካችው ነገር የለም። ልብሱን በሳምንቱ አጣጥፋ ለሰው ሰጠች። የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ አጠበቀች። እሱ «ነገ እሠራዋለሁ» እያለ ዓመት ያሳለፈበትን የቁም ሳጥን በር ገጠመች። ግድግዳውን ቀባች። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ መፍቻ ትፈልግ ነበር። «ይቺ ልጅ ብረት ናት» አሉ፤ እሷም አመነቻቸው።

የቀረው ፍራሹ ነበር።

የጥጥ ፍራሽ ነው። በግራ በኩል፣ ወደ በሩ አቅጣጫ፣ ሾፌሩ ሃያ ስድስት ዓመት የተኛበት ቦታ ሰርጉዷል፤ ትከሻው ያረፈበት ጠለቅ ያለ፣ ዳሌው ያረፈበት ደግሞ የባሰ። እናቷ እስከ ዛሬ በቀኝ ጠርዝ ላይ ነው የምትተኛው፤ አጠገቧ ወፍራም ሰው የተቀመጠባት ተሳፋሪ ይመስል ተሰብስባ። ጠዋት ወገቧን ይዛ ትነሳለች። «ወይ ወገቤ» ትላለች። ጠጋኟ የሰማችው ይህንን ብቻ ነው። ወገብ ደግሞ መፍትሔ አለው።

«ፍራሽ አዳ...ሽ!» የሚል ድምፅ በደጅ ሲያልፍ ወጥታ ጠራችው።

ቀጠን፣ ረዘም ያለ ወጣት ነው። ጸጉሩም ቅንድቡም ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮበታል፤ ለዚህም ነው መንደሩ «ጥጤ» እያለ የሚጠራው።

«አንተ፣ ሸብተህ ነው ወይስ ሥራ ነው?» አለችው።

«ሥራ ነው። ሽበቱ ከስር ነው ያለው።»

መሳቅ አልፈለገችም ነበር፤ ሳቀች። መኝታ ቤት አስገብታ ፍራሹን አሳየችው። ጥጤ መዳፉን ስርጉዱ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ጋ የሚተኛው ማን ነው?»

«አሁን ማንም።»

እጁን አላነሳም። «እናትሽ ያውቃሉ? እንዲህ ያለውን ባለቤቱ ራሱ ካልነገረኝ አልተረትርም።»

«ፍራሽ አዳሽ ነው የጠራሁት ወይስ መርማሪ? ራሷ ናት ያዘዘችኝ።»

ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የዋሸችው። ጥጤ ትንሽ አያት፣ ከዚያ ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸክሞ ወደ ግቢ ወጣ። ሽፋኑን ተረተረ። የጠጠረውን ጥጥ ዘርግፎ በዘንግ ይደበድበው ጀመር። ጠጋኟ የደረቀ ልብስ እንደገና አሰጣች፤ የታጠበ ብርጭቆ እንደገና አጠበች፤ በመስኮቱም በበሩም በኩል አየችው። እሱም ዘንጉን ባነሳ ቁጥር ዓይኑ ወደ መስኮቱ ይሄድ ነበር። ሰፍቶ ሲጨርስ ፍራሹ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ብሎ ነበር።

«እናትሽ ካልተመቻቸው ከገበያው የጨርቅ ቤቶች ጀርባ ነው ያለሁት» አላት።

«ይመቻታል» አለች።

እናቷ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ገባች። ጫማዋን አወለቀች፣ «ደክሞኛል» አለች፣ ወደ መኝታ ቤት ዘለቀች። ጠጋኟ ምስጋናዋን ልትቀበል መቃኑን ተደግፋ ቆመች።

እናትየው እንደ ልማዷ ጠርዙ ላይ ተጋደመች። ከዚያ እጇን ወደ ኋላዋ ላከች። እጇ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። መብራት በጠፋበት ቤት ክብሪት እንደሚፈልግ ሰው ፍራሹን ዳበሰች።

«የት አደረግሽው?» አለች።

«ምኑን?»

«የት አደረግሽው፣ ልጄ?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ ጠጋኟ መልስ አታጣም ነበር። እናቷ ግን ቀስ ብላ ተነሳች፤ ብርድ ልብሷን ሲሚንቶው ላይ አነጠፈች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ያለ እንቅልፍ ተጋደመች። በማግስቱም እዚያው ዋለች። በሦስተኛው ቀን ጠጋኟ ሱቋን ዘግታ ወደ ጨርቅ ቤቶቹ ጀርባ ሄደች።

ጥጤ ሜዳው ላይ ከጥጥ ክምር መሐል ቆሟል።

«እንደነበረ መልሰው!» አለችው ሰላም ሳትለው።

«ምኑን?»

«ስርጉዱን። አንተ ነህ ያጠፋኸው፤ አንተው መልሰው።»

«እህቴ፣ ሰው የሚጠራኝ ስርጉድ እንዳጠፋለት ነው። ሥራልኝ ያለኝ የለም።»

«እንግዲያው ዛሬ አገኘህ።»

ሊስቅ ነበር። ፊቷን አይቶ ተወው። «እናትሽ አላወቁም ነበር፤ አይደል?» አላት ቀስ ብሎ።

ጠጋኟ ጫማዋን ማየት ጀመረች። «ዋሸሁህ» አለች በመጨረሻ።

«እሺ» አለ። እሷ የጠበቀችው ስድብ ነበር። ጥጡ ላይ አረፍ አለና ጠየቃት። «አባትሽ ከባድ ነበሩ?»

«ሲወርድ አውቶቡሱ እፎይ ይል ነበር።»

«በየትኛው ጎናቸው ነበር የሚተኙት?»

ጠጋኟ አፏን ከፈተች። አባቷ የሚጠላውን መንገድ ታውቃለች። የሚያፏጨውን ዜማ፣ ለተሟጋች ተሳፋሪ የሚመልሰውን መልስ ታውቃለች። ሲተኛ ግን አይታው አታውቅም። ሳይነጋ ይወጣል፤ ሲተኛ ያ በር ይዘጋል። በዚህ ምድር ላይ ይህን የምታውቅ አንዲት ሰው ናት፤ እሷም ሲሚንቶ ላይ ተኝታለች።

«አላውቅም» አለች። ይህ ቃል ከአፏ ሲወጣ ራሷ ደነገጠች።

የመጀመሪያው ሙከራ ቀላል ነበር። ጥጤ ከግራ በኩል ጥጥ ቀንሶ ሰፋው። እናትየው ለእንግዳው ክብር ስትል ተነስታ ተጋደመች፤ እጇን ላከች።

«ተባረክ ልጄ» አለች። «ይሄ ግን ሰው አይደለም። ድስት የተቀመጠበት ነው የሚመስለው።»

ለሁለተኛው ፍራሹን ወስዶ አምስት ቀን የአሸዋ ከረጢት ጫነበት። መልሶ ሲያመጣው እናትየው ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ሰውዬ አንገት የለውም።»

እያንዳንዱ ሙከራ ሲከሽፍ ጥጤና ጠጋኟ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። መጀመሪያ ስለ ጥጥ አወሩ። ቀጥሎ ስለ ስልክ። ቀጥሎ ስለ ምንም።

«እኔ ጋ የሚመጣ ስልክ ከሞተ ሞተ ነው። ለባለቤቱ ቁርጡን እነግረዋለሁ» አለችው አንድ ቀን። «ለራሴ ግን ቁርጡን መንገር አቅቶኝ ይኸው ፍራሽ አስይዤህ እየዞርኩ ነው።»

«ወንድሜን ብታገኚው ጥሩ ነበር። እሱ ለሁሉም መልስ ነበረው» አላት። «ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው። ፊት ለፊት ቆመን ነበር የምንደበድበው፤ እሱ ሲያነሳ እኔ አወርዳለሁ። ዛሬ ብቻዬን ሳወርድ እጄ ይዘገያል። የሱን ዘንግ ይጠብቃል።»

«መቼ ነው ያረፈው?»

«ሦስት ዓመቱ።»

«ታዲያ እንዴት ቻልከው?»

«ማን ቻልኩ አለሽ?»

ዞራ አየችው። ከአራት ወር ወዲህ «ጊዜ ሁሉን ይፈታል» ያላላት የመጀመሪያው ሰው ነው። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ማንም አላነሳውም። ቅንድቡ ላይ ያለውን ብናኝ በጣቷ ልታነሳለት ፈለገች። አላነሳችም። ጣቷ ግን ቀኑን ሙሉ ያላነሳችውን ብናኝ ሲያስብ ዋለ።

ለሦስተኛው ሙከራ ጥጤ ራሱ ተኛበት። ሜዳው ላይ ፍራሹን ዘርግቶ፣ የምሳ ሰዓቱን በሙሉ፣ አሥር ቀን። የጨርቅ ቤት ሴቶች ሲያልፉ፣ «ጥጤ፣ ሚስት ሳታገባ አራስ ሆንክ?» ይሉታል። ጠጋኟም ሱቋን ትታ ብቅ እያለች፣ «በሩ በዚህ ነው ብለህ ዙር! አባቴ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሆኖ የሚተኛ ሰው ሳይሆን አይቀርም!» ትለዋለች። ዕንባና ሳቅ አንድ ላይ ሲመጡባት ፊቷን አዙራ ትመለሳለች።

በአሥረኛው ቀን እናትየው ተጋደመች። ዓይኗን ጨፈነች። እጇ ወደ ግራ ሄደና ትከሻው ጋ ቆመ።

«ይሄ ቀጭን ሰው ነው» አለች እናቷ። ዓይኗን ገልጣ ጥጤን አየችው። «ይሄ አንተ ነህ።»

ጥጤ አቀረቀረ።

በዚያች ቅጽበት ጠጋኟ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ሲዘል ተሰማት። ደስታ ነበር። አልተሳካም፤ ስለዚህ እንደገና ይመጣል። እናቷ ሲሚንቶ ላይ እያደረች፣ እሷ እንዳይሳካ ስትጸልይ ነበር ማለት ነው።

እናትየው ከአልጋው ወረደች። «ልጄ፣ ይበቃል» አለችው። «አንተ በደል የለብህም። ግን ከእንግዲህ ወዲያ አትልፋ። አይመለስም።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህ ነው የከፋው። «አንቺም ተይኝ። እኔ ስልክ አይደለሁም።»

ጠጋኟ ጥጤን እስከ በር ሸኘችው።

«ከእንግዲህ አትምጣ» አለችው።

«ምን አደረግሁ?»

«አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። እሷ እምቢ ስትል ደስ አለኝ፤ ገባህ? እናቴ እንቅልፍ ባጣች ቁጥር አንተ ትመጣለህ ብዬ ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ እኔ?»

ጥጤ ረጅም ጊዜ አያት። «እኔም እኮ» አለ። ድምፁ አልወጣም ማለት ይቻላል። «አሸዋውን በአንድ ቀን ማንሳት እችል ነበር። አምስት ቀን ያቆየሁት እሱ ካለቀ በኋላ ምን ሰበብ ይዤ እንደምመለስ ስላላወቅሁ ነው።»

እሱ ሄደ። እሷ በሩን ዘጋችና መዝጊያው ላይ ግንባሯን አስደግፋ ቆመች።

ሳምንቱ አልገፋም አለ። ሱቋ ውስጥ ብሎን ከእጇ እየወደቀ ጠፋባት። አንድ ደንበኛ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ቢላት፣ «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለችው፤ ሰውዬው ስልኩን ይዞ እየተገረመ ወጣ። ቤት ስትገባ ምን እንደምታደርግ ጠፋት። የምታጠብቀው ቧንቧ የለም። የምትቀባው ግድግዳ የለም። የራሷን ብርድ ልብስ አምጥታ ከእናቷ አጠገብ ሲሚንቶው ላይ አነጠፈች። እናቷ ቦታ ለቀቀችላት። እዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው፤ እንደ ሕፃን፣ አፍንጫዋን በብርድ ልብሱ እየጠረገች። እናቷ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት እንጂ «አይዞሽ» አላለቻትም። አይዞሽ የሚባልበት ነገር አልነበረም።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እናትየው ከፈተች። ጥጤ ነው። ዘንግ አልያዘም፤ መርፌም ክርም አልያዘም። ጸጉሩ ታጥቧል፤ ጥጥ የሌለበት ጸጉሩን ያዩት ያን ቀን ነው። እውነትም ከስር ሁለት ሦስት ሽበት ነበረው።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችው እናትየው።

«ምንም፣ እማማ።»

«ምንም?»

«የማውቀው ነገር አልቋል። ልቀመጥ ነው የመጣሁት።»

እናትየው ወደ ልጇ ዞር ብላ አየች። ጠጋኟ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፍቷት መሐል ቤት ቆማለች። እናትየው ከልጇ ፊት ላይ የምታውቀው ነገር ሳታነብ አልቀረችም፤ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው።

«ግባና ተቀመጥ እንግዲህ» አለች። «ወንበር ላይ ከተቀመጥክ ግን አንገታችንን ታሳምመናለህ። እኛ መሬት ነን።»

መሬት ተቀመጠ። ጠጋኟ ከጎኑ፣ እናትየው ብርድ ልብሷ ላይ ጋደም ብላ። ወሬ ተጀመረ፤ ቆመ፤ እንደገና ተጀመረ። ጥጤ አንዲት ሴት የባሏን ኩርፊያ ከፍራሹ ውስጥ አውጣልኝ ብላው እንደነበር ሲያወራ እናትየው በአፍንጫዋ ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። ሲያዩዋት ዓይኖቿ ተከድነዋል።

ተኝታ ነው። በቀን፣ ሰው መሐል፣ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሁለቱም እንዳትነቃ ፈርተው ደረቁ። የጥጤ እግር ደነዘዘ፤ አላነቃነቀውም። ጠጋኟ እጇን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጋ አንሸራተተች፤ የሱ እጅ እዚያው ጠበቃት። ተያያዙ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን ግድግዳውን እያለፈ ሄደ፤ ደበዘዘም። ከውጭ ከሥራ የሚገቡ ሰዎች እርምጃ ይሰማ ጀመር። ሾፌሩ በሕይወት ሳለ የሚገባበት ሰዓት ነበር።

እናትየው ዓይኗን ሳትገልጥ ተነቃነቀች። «አባትሽ ገባ?» አለች፣ በእንቅልፍ ልቧ።

ጠጋኟ እንደ በረዶ ቀዘቀዘች። «ገና ነው፤ ተኚ» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል፤ ውሸት ደግሞ አይቸግራትም። ጥጤን አየችው። እሱም እጇን ጠበቅ አደረገ።

«አልገባም፣ እማ» አለች።

እናቷ ፊቷን ወደሷ አዞረች።

«አይገባም?»

«አይገባም።»

«እሺ» አለች እናቷ፤ ብርድ ልብሷን ወደ ትከሻዋ ሳብ አደረገችና እንደገና ተኛች።