ቢጫው ሆቴል ነጭ የተቀባበት ዓመት

ኮሎማ ስምንት ዓመት ሙሉ እንጀራዋን የበላችው በድምፅዋ ነው። በማዮርካ ደሴት፣ በአልኩዲያ ባሕር ዳርቻ፣ ሰው ሁሉ «ቢጫው ሆቴል» በሚለው ረጅም ሕንፃ፣ መዋኛው ዳር ማይክ ይዛ ቆማ እንግሊዞቹንና ጀርመኖቹን ስታስጨፍር፣ ቢንጎ ስታጫውት፣ ፀሐይ በለበለበው ትከሻቸው ስትቀልድ ትውላለች። ሁሉንም የምትጠራው «የኔ ማር» እያለች ነው። ሽማግሌውንም፣ ሕፃኑንም፣ ቢራ ደፍቶባት ይቅርታ የሚለምነውንም።

ከዚያ ሆቴሉ ተሸጠ። አዲሶቹ ባለቤቶች ግድግዳ እያፈረሱ ሦስት ሦስቱን ክፍል አንድ አደረጉት። ሕንፃው ነጭ ተቀባ። ልጆች ይንሸራተቱበት የነበረው የውሃ ቱቦ በክሬን ተነሥቶ ሄደና በቦታው፣ ከሌላ መንደር ከነሥሩ ተነቅሎ የመጣ አሮጌ የወይራ ዛፍ ተተከለ።

«ሰዉ አነስ፣ ገንዘቡ በዛ ብሎ ይምጣ ነው ነገሩ» አለች እናቷ ሚኬላ። እሷም በዚያው ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ነው ያረጀችው።

ከሠራተኛው ደስ ያለው ነበር፤ ማለዳ ደጃፍ ላይ የሚያስመልሰው ሰካራም ማየት የሰለቸው። የፈራም ነበር። ኮሎማ ግን ከየትኛው ወገን እንደሆነች አታውቅም። ጠዋት ነጩን ግድግዳ ስታይ ደስ ይላታል፤ ከሰዓት ያንኑ ግድግዳ አይታ እንባዋ ይመጣል።

በጥር ወር፣ ሆቴሉ ገና በአቧራ እንደተሞላ፣ ሠራተኛውን የሚያሠለጥን ሰው መጣ። ጊየም ይባላል። ከጎረቤት ደሴት ከሜኖርካ ነው፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባለጠጎች በሚያርፉባቸው ሆቴሎች ዓመታት ሠርቷል። ቀጭን፣ ረጋ ያለ፣ ሲራመድ ኮቴው የማይሰማ።

«እንግዳው ውሃ ስጡኝ ካለ ዘግይተናል ማለት ነው» አለ በመጀመሪያው ቀን። «ሳይጠይቅ ነው የሚቀርብለት።»

«ሳይጠማው ከቀረበለትስ?» አለች ኮሎማ ከኋላ። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ጊየም አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ዞር ብሎ ትንሽ አያትና «ያኔ እስኪጠማው ድረስ እርስዎ ያጫውቱታል» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ተደበላለቀባት። ኮሎማ ግራኝ ናት፤ በሁለተኛው ቀን ምሳ ላይ ብርጭቆዋ በግራዋ በኩል ተቀምጦ አገኘችው። ነፋስ በሚገባበት በኩል ስትቀመጥ መስኮቱ ይዘጋል። ራሷን ያመማት ቀን ለማንም ሳትናገር፣ ውሃና ክኒን አጠገቧ ተገኘ። ልቧ ይሞቃል። ወዲያው ደግሞ ይህ የሰውዬው ሥራ መሆኑ ትዝ ይላታል፤ ለሥራ አስኪያጇም እኮ መስኮት ሲዘጋ አይታዋለች።

«ይወደኛል ወይስ እየተለማመደብኝ ነው?» ብላ እናቷን ጠየቀች።

ሚኬላ ድንች እየላጠች ነበር። «አባትሽ እኔን ሲፈልግ አንድ ጆንያ ድንች ተሸክሞ መጥቶ ደጃችን ላይ ጥሎ ሮጠ። ያ ይገባኛል። መስኮት የሚዘጋ ወንድ ግን ገጥሞኝ አያውቅም ልጄ። ምናልባት ይበርደው ይሆናል።»

የቅዱስ እንጦንስ ዋዜማ ደረሰ። ያን ምሽት በነኮሎማ መንደር በሳ ፖብላ በየመንገዱ መገናኛ እሳት ይነዳል፤ ጎረምሶች ቀንድ ደፍተው ሰይጣን መስለው ይዘላሉ፤ ሰዉ ቋሊማ እየጠበሰ፣ በከበሮ እየታጀበ ግጥም ይወራወራል። ኮሎማ ከጭሱ ወዲያ ጊየምን ስታየው ደነገጠች። የጠራችው እሷ አልነበረችም። ሚኬላ ናት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አግኝታ «ና እሳት ሙቅ፣ የሚበርድህ ትመስላለህ» ያለችው።

የግጥሙ ተራ ኮሎማ ላይ ደረሰ። ሰው ሁሉ ወዴት እንደምታይ አይቷል።

«ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ሳይነግሩት የሚያውቅ፣
ሁሉን አውቆ ጨርሶ፣ ምነው መሳቅ አያውቅ?»

መንደሩ በሳቅ አውካካ። መልሱን ለመስማት ሁሉም ወደ ጊየም ዞረ። አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ፊቱ የቀላው ከእሳቱ ይሁን ከእፍረቱ አልታወቀም።

ኋላ፣ ከሰዉ ራቅ ብለው አንድ አጥር ሥር ቆሙ።

«ተቀየምክ?» አለችው። አንተ ማለቷን ያወቀችው ካለች በኋላ ነው።

«አልተቀየምኩም። መልስ ነው የጠፋኝ።»

«አይዞህ የኔ ማር።»

ጊየም ቀና አለ። «ስንት ሰው ነው እንደዚህ ያልሽው?»

ኮሎማ ልትቀልድ አሰበችና ተወችው። ስንቱን እንዳለችው እግዜር ይወቅ። ለዚህኛው ከልቧ ነው፤ ግን ሌላ ቃል የላትም። እጁን ያዘች። እሱም አልለቀቃትም።

የካቲትን አብረው አሳለፉት። እሑድ እሑድ ለውዝ ባበበበት ማሳ መሐል እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሄዳሉ፤ እሷ ታወራለች፣ እሱ ያደምጣል። ካፖርቷን ሲያለብሳት ግን ያ ጥያቄ አሁንም ውስጧ ይንቀሳቀሳል።

በመጋቢት ሥራ አስኪያጇ ጠራቻት። ሴኞራ አሪባስ ይሏታል፤ ከማድሪድ የመጣች፣ ቃል የማታባክን ሴት።

«እንግዳ መቀበያው ላይ እርስዎን አስበን ነበር፤ አሁን ግን ሌላ ሰው ልንመድብ ነው። አቶ ጊየም ቦታው ለእርስዎ አይሆንም ብለውናል።»

ኮሎማ ጊየምን ያገኘችው ወይራው ሥር ነው።

«አይሆንም አልክ?»

«ትችላለች ነው ያልኩት። ከሁሉም በላይ ትችላለች ብያለሁ።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ግን እዚያ ጠረጴዛ ኋላ ቆመሽ፣ ያ ድምፅሽ ጠፍቶ ማየት አልፈለግኩም።»

«ድምፁ የማን ነው?»

ጊየም የወይራ ቅጠል ቀጠፈ።

«ለእንግዳ ሳይጠይቅ ውሃ አቅርብለት። እኔ ግን እንግዳህ አይደለሁም፤ እኔን መጠየቅ ነበረብህ።»

በነጋታው ሴኞራ አሪባስ ዘንድ ሄዳ ፈትኑኝ አለች። ፈተኗት። ሚያዝያ ላይ ሆቴሉ ሲከፈት የሆቴሉን የገለባ ቀለም ቀሚስ ለብሳ እንግዳ መቀበያው ላይ የቆመችው ኮሎማ ናት።

ጠባቸው በትሕትና ቀጠለ። «እንደምን አደሩ አቶ ጊየም?» ትለዋለች። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ ወይዘሪት ኮሎማ?» ይላል። ሚኬላ አንሶላ ተሸክማ ስታልፍ ሁለቱንም አይታ ራሷን ትነቀንቃለች።

ኮሎማ ሥራውን ቻለችበት። ደመወዙ ተሻለ፣ ጉሮሮዋም አይነድም። አንዲት ፈረንሳዊት አሮጊት ካለ ኮሎማ ማንም ቁልፍ እንዳይሰጠኝ ብላለች። ይህ ሁሉ ደስ ያሰኛታል፤ ደግሞ ያስከፋታል፤ ምኑ እንዳስከፋት ግን ለራሷም ማስረዳት አትችልም። አንድ ቀን፣ ድሮ በየዓመቱ ይመጡ የነበሩ እንግሊዛውያን ባልና ሚስት በመስታወቱ በር ወደ ውስጥ አጮለቁ። ልትጣራ አፏን ከፈተች። ፊት ለፊቷ ሌላ እንግዳ ቆሞ ነበረ፤ ጥሪውን ዋጠችው። እንግዳውን ሸኝታ ስትወጣ ሰዎቹ መንገዱን ታጥፈዋል። ያን ቀን ጊየም ትክክል እንደነበረ ተሰማት፤ ትክክል በመሆኑም ይበልጥ ተናደደችበት።

ሰኔ ሲገባ የጊየም ውል አለቀ።

«ዛሬ ከቀትር በኋላ ባለው ጀልባ አገሩ ይገባል» አለች ሚኬላ የትራስ ጨርቅ እያጠለቀች። «ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አየሁት። ሸሚዝ ማጠፍ ይችልበታል፤ ምነው ነገሩንም እንደዚያ አሳምሮ ቢያስቀምጥ።»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ምን አውቄ። የምሳ ሰዓትሽ ደርሷል።»

ኮሎማ የሥራ ቀሚሷን እንደለበሰች በፀሐይ ወደ ወደቡ ሄደች፤ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ኋላ በሩጫ። ጊየም ቲኬቱን ይዞ ሰልፍ ላይ ቆሟል። ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ልታስቀሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም።»

«አብረሽኝ ልትሄጂ?»

«እሱም አይደለም።»

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

ኮሎማ ትንፋሿን ሰበሰበች። «አላውቅም ጊየም። ሥራውን እወደው እንደሆነ አላውቅም። ይቅር ልልህ እፈልግ እንደሆነም አላውቅም። ግን እዚያ ቆሜ አላውቅም ከምል፣ አንተ ባለህበት መጥቼ አላውቅም ብል ይሻለኛል።»

ከኋላው ያሉት ሰዎች ተራህ ነው አሉት። ጊየም አልሰማም። «ስለ አንቺ እኔ መወሰኔ ጥፋት ነበር» አለ። «አሁንም ቆይ በይኝ አልልሽም። እኔ ራሴ መቆየት እፈልጋለሁ። ልቆይ?»

ሳይጠይቅ ሲያውቅ የኖረ ሰው መጠየቁ ነው።

«ቆይ» አለችው።

ከሰልፉ ወጣ። ቲኬቱን ኪሱ ከተተ። ጀልባው ጮኾ ከወደቡ ሲርቅ ጊየም ባዶ እጁን አይቶ ክው አለ። ሻንጣውን ቀድሞ ከዕቃው ጋር አስጭኖታል። ያን ጊዜ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ፣ ዓይኑ እስኪያነባ፤ ኮሎማም አብራው።

ወደቡ ዳር ካለው ቡና ቤት ተቀምጠው፣ ቲማቲምና ዘይት የተቀባ ዳቦ ቀርቦላቸው፣ ምን እንደሚያደርጉ አንዱንም ሳይወስኑ ብዙ ቆዩ። ሴኞራ አሪባስ ምን እንደምትል ኮሎማ አላሰበችም። በኋላ የጊየም ስልክ ጮኸ። አንስቶ አዳመጠና ፊቱ ቀላ።

«እናቴ ናት። ወደብ ወጥታ ስትጠብቀኝ ሻንጣዬ ብቻውን ደረሰ።» ስልኩን ለኮሎማ ሰጣት።

ኮሎማ ስንት ሺህ ሰው በማይክ አናግራለች። አሁን ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ማን ልበል?» አሉ ሴትዮዋ።

«ኮሎማ እባላለሁ፣ እማማ። ልጅዎ እዚህ እኔ ጋ ነው ያለው።»

«እህል ቀምሷል?» አሉ እናቲቱ።

ኮሎማ ሳህኑን አየች። ጊየም አልነካውም።

«ገና ነው» አለች፣ «አሁን አበላዋለሁ።»