ያልተቀዳው ሩጫ

«መብራት ጠፋብኝ» አለች ቲቲ።

ውሸቱ ያለ እንቅፋት ወጣ። በሱሉልታ መብራት ጠፋ ማለት ፀሐይ ወጣች እንደማለት ነው፤ ማንም ምስክር አይጠይቅበትም። የክፍሏ ልጅ ጂቱም አልጠየቀችም። የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፋ፣ ከገጠር ድረስ በእግሯ ስትመጣ ጭቃ የጠጣውን ጫማዋን ስታይ ቆየች።

«ምንም፣ ምንም?»

«ገና ሳይጀምር እኮ ነው ድርግም ያለው።»

«እሺ ይሁን፤ አንቺ ምን ታደርጊ» አለች ጂቱ።

ቲቲን የገደላት ይሄ ነው። ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

ነገሩ ሁሉ የጀመረው በካርዱ ነው። ክረምት ላይ አጎቷ ከመርካቶ አንድ አሮጌ የቲቪ ካርድ አምጥቶላት ነበር፤ ኮምፒውተር ውስጥ ተሰክቶ ቴሌቪዥን የሚያሳይ፣ የሚያሳየውንም የሚቀዳ። ቲቲ የኮምፒውተሩን ጎን ፈታች። ውስጡ የተከማቸውን አቧራ ጠረገች፤ ያ አቧራ ብቻውን አንድ ማሳ ጤፍ ያበቅል ነበር። ካርዱን ማዘርቦርዱ ላይ ቀጭ እስኪል ሰካችና በብሎን አሰረችው፤ ከዲሽ ሪሲቨሩ የሚመጣውን ጫፉ ቢጫ የሆነ ገመድም ከኋላው ቀጠለች። መጀመሪያ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ አስለቀሳት። ሴቲንጉ ውስጥ ገብታ የሥርጭቱን ዓይነት ወደ ፓል ስትቀይረው ግን ቀለሙ ቦግ አለ። በዚያች ቅጽበት ከእንጦጦ ወዲህ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ እንደ ቲቲ ያለ ኢንጂነር አልነበረም። ለክፍሏ ልጆች ያወራችው እንደዚያ ነው።

«አታካብጂ ባክሽ» አላት ከኋላዋ የሚቀመጠው ኢብሳ። «ኮምፒውተርሽ ሲነሳ እኮ ዳገት የሚወጣ ሲኖትራክ ነው የሚመስለው።»

«ሲኖትራክም ይሁን፣ የፈለግኩትን ይቀዳልኛል።»

ይህን ጂቱ ሰማች። የጂቱ ታላቅ እህት ሶያማ ሯጭ ናት፤ የሱሉልታ ንፋስ ራሱ ተሸንፎ መንገድ የሚለቅላት ዓይነት ሯጭ። ለመጀመሪያ ጊዜ ውጭ አገር፣ ግማሽ ማራቶን ልትሮጥ ሄዳለች። እነጂቱ ቤት መብራት የለም። ጂቱ በማሳው አቋርጣ ትምህርት ቤት ብትመጣም፣ እናቷ ከተማ ወጥተው ማየታቸው አይታሰብም፤ በአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ከተነሣው ተቃውሞ ወዲህ መንገዱ ዛሬ በድንጋይ፣ ነገ በወታደር ይዘጋል። የሞባይል ኢንተርኔትም ከተቋረጠ ሰንብቷል።

«እማዬ እሷ ስትሮጥ አይታት አታውቅም» አለች ጂቱ። «ትቀጂልኛለሽ?»

«ከነላቧ ነው የምቀዳልሽ።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቲቲ የመቅጃውን ቀይ ቁልፍ ተጫነች። ሶያማ መነሻው መስመር ላይ ታየች፤ ሩጫው ተጀመረ። ኢብሳ ሁለት ልጆች አስከትሎ የገባው ያኔ ነው። የጠራቻቸው ቲቲ ራሷ ነበረች፣ የሠራችውን ዓይተው አፋቸውን እንዲይዙላት።

«ይሄ ሩጫ እስኪያልቅ እኮ ጢም እናበቅላለን» አለ ኢብሳ። «በዚያኛው ጣቢያ ኳስ አለ። ወይስ ሲኖትራክሽ ኳስ ይከብደዋል?»

ቲቲ ታውቅ ነበር። ካርዱ የሚቀዳው ሪሲቨሩ የሚያሳየውን ነው፤ ሪሲቨሩ ደግሞ አንድ ነው። ኳስ ካዩ ኳስ ይቀዳል። ትንሽ ብቻ፣ ብላ ሪሞቱን አነሳች፤ መጨረሻው ሲደርስ እመልሰዋለሁ። ጎል ገባ። ጮኹ። ሌላ ጎል ገባ። ስትመልሰው ሩጫው አልቆ፣ አንዲት የማታውቃት ሴት አበባ ታቅፋ እያለቀሰች ነበር።

ሰኞ ያንን ውሸት ዋሸች። ከዚያ ወሬው መጣ። ሶያማ ከቡድኑ ጋር አልተመለሰችም፤ እዚያው ቀርታለች። መቼ እንደምትመጣ የሚያውቅ የለም።

ቲቲ ፋይሉን ልታጠፋው ደጋግማ ከፈተችው። ብታጠፋው ውሸቷን የሚያጋልጥ አንዳች ነገር አይቀርም። ግን መጀመሪያው ላይ ሶያማ አለች፤ ታማትባለች፣ ደረቷ ላይ ያለውን ቁጥር በመዳፏ ታስተካክላለች፣ ካሜራው ሲያልፍ ፈገግ ትላለች። ትንሽ ቆይቶ የጣቢያ ቁጥር ብቅ ይልና ኳስ ይመጣል። ሶያማን ማሳየት ጣቢያ የቀየረውን የቲቲን እጅ ማሳየት ነበር። ሁልጊዜም ሳታጠፋው ትዘጋዋለች።

መንገዱ ሲከፈት፣ በገበያ ቀን፣ የጂቱ እናት ወይዘሮ ብርሃነሽ ጂቱን አስከትለው መጡ።

«አካም ጂርታ፣ ኢንታላ ኮ?»

«ደኅና ነኝ እማማ። ይግቡ።»

ከነጠላቸው ሥር እርጎ የሞላ ትንሽ ጀሪካን አወጡና ዘረጉላት።

«ምንድን ነው እሱ እማማ?»

«ለድካምሽ ነዋ። መብራቱ ቢከዳሽ ልፋትሽ የት ይሄዳል?»

ቲቲ ተቀበለቻቸው። እጇ ላይ የወፍጮ ድንጋይ ያስቀመጡባት ያህል ከበዳት።

ወይዘሮ ብርሃነሽ ኮምፒውተሩን የታመመ ሰው እንደሚጠይቁ ሁሉ ቀስ ብለው ቀረቡት። «እንደው ልጄ፣ መብራቱ ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት አልያዘም? ጀርባዋም ቢሆን።»

«እማዬ፣ ምንም የለም አልኩሽ እኮ» አለች ጂቱ። «አታስጨንቂያት።»

የቀራት «የለም» ማለት ብቻ ነበር። ቲቲ ግን ወንበር ሳበችላቸው።

«ጥቂት አለ» አለች።

ጂቱ ቀና ብላ አየቻት።

ፋኑ እየጮኸ ምስሉ መጣ። ሶያማ መስመሩ ላይ ቆማለች። እናትዮዋ አላለቀሱም። ወንበራቸውን ወደፊት አስጠጉና «ከስታለች» አሉ። ከዚያ ደግሞ፣ «ፀጉሯን ማን ሠራላት?»

ጥይቱ ተተኮሰ፤ ሯጮቹ ወጡ። ቲቲ የት ላይ ማቆም እንዳለባት በቃሏ ታውቃለች፤ ጣቷ ማውሱ ላይ ነው። አሁን ብትጫን ምስሉ ይቆማል፣ መብራቱ የጠፋው እዚህ ጋ ነው ትላለች፣ እርጎውም ይጠጣል።

ጣቷን አነሳች።

የጣቢያው ቁጥር ብቅ አለ፤ አረንጓዴ ሜዳ መጣ።

«ኩን ማሊ?» አሉ ወይዘሮ ብርሃነሽ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

ጂቱ የምታየው ሜዳውን አልነበረም፤ ቲቲን ነበር።

«መብራት አልጠፋም» አለች ቲቲ። «እኔ ነኝ የቀየርኩት። ከነኢብሳ ጋር ኳስ ለማየት።»

ወይዘሮ ብርሃነሽ ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ግን ከስክሪኑ አልተነቀለም።

«መልሺልኝ» አሉ። «ቅድም የቆመችበት ጋ።»

ቲቲ እጇን ዘረጋች። ጂቱ ቀደመቻት። ማውሱን ወደ ራሷ ሳበችና፣ ቲቲን ሳታያት፣ ወደ መጀመሪያው መለሰችው።

ቲቲ ከወንበሯ ተነሣችላት።