የነቃው ብልቃጥ

ዕቃ አጣቢዋ በአፈር ምርመራ ክፍሉ ሥራ ከጀመረች ገና ሦስተኛ ቀኗ ነበር። መስኮቱ ሥር ለብቻው የተቀመጠ አንድ ብልቃጥ ደረቅ አፈር አይታ ሆዷ ባባ።

«ምስኪን፣ ማንም አላጠጣህ!» አለችና ውሃ ጠብ አደረገችበት።

አፍታም አልቆየ፤ የአፈሩ ጥቁር ቅርፊት አረንጓዴ ሆነ። ክፍሉን የመጀመሪያ ዝናብ ሽታ ሞላው።

በሩ ተከፈተ። ተመራማሪው ዓይኑን ጨፍኖ አየሩን ማገ።

«መጣሽ?» አለ።

የሚያናግረው እሷን አልነበረም።

ዓይኑን ሲገልጥ ብልቃጡን አየ፤ ፊቱ ዓመድ መሰለ።

«የሟች ባለቤቴ አፈር ነው... በገዛ እጇ ያመጣችው። በር ከፍታ ስትገባ እንዲህ ነበር የምትሸተው። አሥራ አንድ ዓመት ጠብታ አልነካውም።»

«የተረሳ ተክል መስሎኝ ነው! ታዲያ ተመልሶ ይደርቃላ?»

«ውስጡ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን አሉ። ደርቀው ይተኛሉ እንጂ አይሞቱም። ነቅተው ሳይጠግቡ ቶሎ ከደረቁ ግን ያልቃሉ። የሚገድላቸው ቀስቅሶ መተው ነው።»

ሟቿን ሚስት ለሁለተኛ ጊዜ የምትገድላት መሰላት። «እኔ የቀሰቀስኩትን እኔው እጠብቃለሁ» አለች።

በእረፍት ቀን እንኳ አልቀረችም። እሱም ይመጣል። ዝምታው ወሬ፣ ወሬው ሳቅ ሆነ። ግን ውሃው ጠብ ባለ ቁጥር፣ ሽታው በተነሣ ቁጥር፣ እሱ ዞሮ በሩን ያያል። የእሷም ማጅራት ሰው የተነፈሰበት ያህል ይቀዘቅዛል።

አንድ ቀን የውሃ ማንጠብጠቢያውን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ከነገ ጀምሮ እርስዎ ያጠጡት።»

«ምን አጠፋሁ?»

«በሕይወት ያለች ጣውንት እንኳ አልችልም፤ የሞተችዋን እንዴት ልቻላት? ከእኔ ጋር እያወሩ የሚያዩት በሩን ነው!»

ማንጠብጠቢያውን በእጁ አገላበጠው።

«ለምን ሳላጠጣው የኖርኩ ይመስልሻል? ከነቃ በኋላ ብቻዬን በሕይወት ማቆየቱን ፈርቼ ነው... እኔንም ቀስቅሰሽ ልትሄጂ ነው?»

«እሷስ?»

«እሷማ አለች። አልዋሽሽም።»

ውሸት ቢነግራት ኖሮ ትሄድ ነበር። እጇን ዘርግታ ማንጠብጠቢያውን መልሳ ወሰደች።

«እስቲ ዞር በል እንግዲህ፤ ብርሃኑን ከልለህበታል» አለችው። እሱም ሳቀ፣ አለቀሰም።

ዛሬ ብልቃጡ የጋራ ቤታቸው መስኮት ላይ ነው። አንዳንድ ጠዋት ውሃው ጠብ ሲል በሩ ማንም ሳይነካው ገርበብ ይላል። እሱ ቀና ብሎ አያይም። ቀና የምትለው እሷ ናት።

«ግቢ እህቴ» ትላለች ቀስ ብላ። «ውሃሽ ደርሷል።»