የአሥር በመቶ ምሳ

«ለቦራም እናት አንቺ ንገሪልኝ። መምህሩ የታሸገ፣ ምን ምን እንዳለበት የተጻፈበት ምግብ ካልሆነ አልቀበልም አሉ በያት። እሺ የኔ ቆንጆ?»

ዳሪን ገና ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆማ እናቷን አየቻት። እናቷ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ዓይኗን እንኳ ቀና አላደረገችም።

«መምህሩ መቼ እንደዛ አሉ?»

«አላሉም። ቢሉስ ግን?»

ነገ የክፍሉ ሽርሽር ነው። ሃያ ስምንት ልጆች በአውቶቡስ ወደ ተራራ ይወጣሉ፤ ሽርሽር ያለ ኪምባፕ ደግሞ ሽርሽር አይባልም። ድሮ እያንዳንዷ እናት ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የኪምባፑን ሩዝ በባሕር ቅጠል ስትጠቀልል ታነጋ ነበር። ዘንድሮ ግን የክፍሉ እናቶች ተወካይ የሆነችው የዳሪን እናት «ምን አደከመን? አምስት አምስት ሺህ ዎን እናዋጣና እንዘዝ» አለች፤ ሁሉም ተስማማ። የታዘዘችው የቦራም እናት ናት። ገበያው ጥግ ላይ አራት ወንበር ብቻ የምታስገባ ሱቅ ከከፈተች ስድስት ወሯ ነው። ቦራም ደግሞ የዳሪን የልብ ጓደኛ ናት፤ ክፍል ውስጥም ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት።

«እማ፣ ሴትዮዋ እኮ ዛሬ ገበያ ወጥታለች። ሁሉን ነገር ገዝታለች።»

«አውቃለሁ፤ አንጀቴን በላችኝ። ግን ወሩ ነገ ያልቃል፤ በካርዱ በወር ማውጣት ካለብን ውስጥ መቶ ሠላሳ ሺህ ይጎድለናል። እሷ ደግሞ በባንክ አስተላልፉልኝ ነው የምትለው። የተላለፈ ገንዘብ አይቆጠርም።»

«እና በካርድ ክፈያት!»

«ብከፍላትስ? አሥር በመቶው ለእሷ ቤት አይሠራም። ዋናው መንገድ ላይ ያለው ትልቁ ቤት ግን ዝርዝሩ ውስጥ አለ።» እናቷ አሁን ቀና አለች። «ምን ትደነግጪያለሽ? አንቺው አይደለሽ እንዴ ዝርዝሩን በቢጫ ያሰመርሽልኝ?»

እውነት ነው፤ ያሰመረችው ዳሪን ናት።

ከሦስት ወር በፊት ነው። የገበያ አዳራሹ መግቢያ ላይ አንዲት ሴት ጠረጴዛ ዘርግታ ለፈረመ ሁሉ መጥበሻ ታድል ነበር። ሁለት ዓይነት ካርድ ነበራት። አንደኛው በየትኛውም ቦታ ለወጣ ገንዘብ አንድ በመቶ ይመልሳል፤ አለቀ፤ ሌላ ጣጣ የለውም። ሁለተኛው አሥር በመቶ ይመልሳል፤ ግን ዝርዝሩ ውስጥ ባሉ ቤቶች ብቻ፣ ያውም በወር ስምንት መቶ ሺህ ዎን ካወጣህ። የዳሪን አባት ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገና «አንድ በመቶዋን ውሰዱ። ለቤት አስቤዛ ምን ውጣ ውረድ አስፈለገ?» አለ። እናትና ልጅ ሳቁበት። ዳሪን የሒሳብ ደብተሯን አውጥታ ሠንጠረዥ ሠራች፣ ደመረች፣ አካፈለች፣ «በወር ሠላሳ ሺህ ይተርፈናል» ብላ ፈረደች። እናቷ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «ልጄ ናት ያሰላችው» እያለች ስታወራ ከረመች። ዳሪንም ደረቷን ነፋች፤ ለምን ይዋሻል።

አቤት የተረፈው! የቤት ኪራይ አይቆጠርም፣ መብራት አይቆጠርም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አይቆጠርም። ይሄ ሁሉ ከወረቀቱ ግርጌ ጉንዳን በሚያክል ፊደል ተጽፎ ነበር፤ የሒሳብ ሊቋ አላነበበችውም። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው እናቷ «አልሞላም!» ብላ ትነሳና ትወጣለች። አሥራ ሁለት ቱቦ የጥርስ ሳሙና ይዛ ትመለሳለች። አርባ ጣሳ ቱና። አባትዬው የማይወደውን ዶሮ ከማይወደው ቤት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው!

የአያቷ ሰባኛ ዓመት ልደት ላይ የሆነውማ አይነሳ። አጎቶቿና አክስቶቿ ሒሳቡን እኔ ልክፈል እኔ ልክፈል ሲሉ እናቷ ከመሃላቸው ሹልክ ብላ በካርዷ ከፈለች። ሁሉም «ምን ዓይነት ደግ ልጅ ናት!» ብለው ሳይጨርሱ እጇን ዘርግታ ጠረጴዛውን መዞር ጀመረች፤ «ድርሻ ድርሻችሁን በጥሬው ስጡኝ።» አያቷ ኪሳቸውን እየዳበሱ «እኔም አለሁበት እንዴ?» ሲሉ፣ ድንቄም ደግነት፣ «ደስ ካለዎት» አለቻቸው። ሽማግሌው በልደታቸው ቀን ከፈሉ።

ወጥ ቤት የሩዝ ማብሰያው ጮኸና እናቷ ስልኩን ሶፋው ላይ ጥላ ሄደች። ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። የክፍሉ እናቶች የሚጻጻፉበት ገጽ ነበር፤ የቦራም እናት በሱቋ ሥራ ተጠምዳ አልገባችበትም። ዳሪን ልታነብ አላሰበችም፤ ግን ዓይን መቼ ይከለከላል?

እናቷ እንዲህ ብላ ጽፋለች፦ «የገበያዋ ሴትዮ በመጨረሻ ሰዓት አልችልም ብላ ጉድ አደረገችን። አይዟችሁ፣ እኔ ሌላ ቤት አግኝቻለሁ።» ከሥሩ መልሱ ይጎርፋል። «ወይ ጉድ! ምን ዓይነቷ ኃላፊነት የማይሰማት ናት?» «አንቺ ባትኖሪ ልጆቻችን ጦማቸውን ሊውሉ ነበር።» የክፍል ጓደኛዋ የጁኑ እናት ደግሞ፦ «እኔ ለቤተ ክርስቲያናችን ስድሳ ሰው ምሳ ላዝዛት ነበር። እንኳን ሰማሁ!»

ዳሪን ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

እናቷ አየችው፤ ፊቷ ትንሽ ቀላ። «ታዲያ ምን ልበላቸው? ለካርዴ ብዬ ነው ልበል?»

«አልችልም አላለችም እኮ! ስሟን አጠፋሽው!»

«ኧረ ቀስ በይ፤ ስም ማጥፋት ምናምን አትበይ። ነገ ይረሳል። አሥራ አራት ሺህ ዎን ሜዳ ላይ ወድቆ ይገኛል? ለራሴ ነው? ለቤቱ አይደለም?»

አሥራ አራት ሺህ ዎን። ገበያ ውስጥ ሁለት ሰው ኑድል በልቶበት ይወጣል፤ ከዚያ በላይ አይሆንም። ዳሪን እናቷን አየቻት፤ ሩዙን በማንኪያ እየገለበጠች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። አስጠላቻት። የገዛ እናቷ አስጠላቻት፤ እንዲህ ብላ አስባ ስለማታውቅ ራሷም ደነገጠች።

«አልሄድም» አለች።

«ተይው እንግዲያ፤ እኔ በስልክ እጽፍላታለሁ። ካንቺ ብትሰማው ይሻላት ነበር፤ አንቺን ትወድሻለች።»

በስልክ! ሴትዮዋ ካሮት እየከተፈች በስልክ! ዳሪን በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። መንገዱን ሙሉ እውነቱን ልትናገር ለራሷ እየማለች ሄደች።

ሱቁ ውስጥ ስትገባ የሰሊጥ ዘይት ሽታ ተቀበላት። የቦራም እናት እጅጌዋን ሰብስባ የተቀቀለ ስፒናች እየጨመቀች ነው። ካሮቱ ተከትፏል፣ እንቁላሉ ተጠብሶ በቀጫጭኑ ተቆርጧል። ጠረጴዛው ላይ ሃያ ስምንት ሣጥኖች በአራት ረድፍ ተደርድረዋል፤ ቦራም ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ክዳናቸው ላይ በቀለም ስም ትጽፋለች። የእያንዳንዱን ልጅ ስም።

«መጣች!» አለች ቦራም። «ነይ እዪ፣ ያንቺ ላይ አበባ ሥዬበታለሁ። ለሌላ ሰው እንዳታሳዪ፤ አድልዎ ነው ይሉኛል።»

ዳሪን አፏን ከፈተች። እምልላችኋለሁ፣ እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው። «መምህሩ... የታሸገ፣ የተጻፈበት ካልሆነ አይሆንም አሉ። ለጤና ሲባል። ትእዛዙ ተሰርዟል።»

የቦራም እናት እጇ ስፒናቹ ላይ እንዳለ ቀረ። ውሃው በጣቶቿ መሃል ይንጠባጠባል። እጇን በሽርጧ ጠረገች።

«መምህሩ ካሉማ ምን ይደረጋል። የሰው ልጅ ነው፤ አንዱ ቢታመምስ? ልክ ናቸው።» ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ይሄን ልትነግሪኝ ነው እስከዚህ የመጣሽው? ሌላ ቢሆን በስልክ ይለኝ ነበር። ነይ ቁጭ በይ፣ አልበላሽም አይደል?»

አንዱን ጥቅል ቆርጣ በሳህን አቀረበችላት። ቦራም የቀለሙን ብዕር ከደነች። ዳሪን ጎረሰች። እንዴት አትጎርስም? የዋጠችው ኪምባፑን ይሁን ውሸቷን አልለየላትም። ስትወጣ ወደ ኋላ ሳታይ ገበያውን አቋርጣ ሄደች። እናቷ አስጠልታት ነበር፤ አሁን ግን ማን ከማን ይብሳል?

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት አውቶቡሱ የትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ቆሟል። የዳሪን እናት አዲስ ሹራቧን ለብሳ ባለ ቀይ ማኅተም ሣጥኖች ታድላለች፤ እናቶቹ ከበዋት ያመሰግኗታል። ካርዱ ሞልቷል፤ ቁርስ ላይ እየዘፈነች ነው የነገረቻቸው። ቦራም ከቤት ያመጣችውን ምሳ በጨርቅ ቋጥራ ከዳሪን አጠገብ ቆማለች። ከተዘጋጀው ግማሹን አባቷ ወደሚሠራበት ፋብሪካ እንደወሰደው፣ ግማሹንም ለጎረቤት እንዳደሉት ነግራታለች። የቦራም እናት አልቅሳ እንደሆነ ዳሪን አልጠየቀችም፤ ፈራች።

የጁኑ እናት ድንገት ወደ እነሱ መጣች። «ቦራም፣ እናትሽ ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«አይ፣ ልወቅሳት አይደለም። ግን አልችልም ካለች ቀደም ብላ ብትነግረን ምናለበት? በመጨረሻ ሰዓት ሰውን ሜዳ ላይ መጣል ጥሩ አይደለም። ሱቅ እንዲህ አይያዝም፤ ምከሪያት።»

ቦራም ግራ ተጋባች። «እማዬ? እማዬ መቼ አልችልም አለች? መምህሩ እኮ ናቸው...» ወደ ዳሪን ዞረች። «አይደለም እንዴ?»

ዳሪን ቀና ስትል የእናቷን ዓይን አገኘችው። እናቷ ሣጥን በእጇ እንደያዘች ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ እንዳትናገሪ። አሁን ዝም ብትል ቀላል ነው። ጥሩምባ ይነፋል፣ ሁሉም ይሳፈራል፣ ያለቀ ነገር ነው። የቦራም እናት ደግሞ አራት ወንበሯን እንደታቀፈች ማን እንዳጠፋት ሳታውቅ ሱቋን ትዘጋለች።

«የቦራም እናት አልችልም አላለችም» አለች ዳሪን። ከዚያ ድምፅዋን ጮክ አደረገችው። «ሁሉን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። ሣጥኖቹ ላይ የልጆቹ ስም ሳይቀር ተጽፏል። መምህሩም ምንም አላሉም። የሰረዝነው እኛ ነን።»

«ምን?» የጁኑ እናት ዞረች። «እናንተ ማለት?»

«እማዬና እኔ። ከዚያኛው ቤት በካርድ ከተገዛ አሥራ አራት ሺህ ዎን ይመለስልናል። ካርዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

እናቷ «ትቀልዳለች! ይቺ ልጅ...» ብላ ሳቀች፤ ሳቁን የተቀበላት ሰው ግን አልነበረም። ሣጥን የያዘች እጇ አየር ላይ ቀረች። ከእናቶቹ አንዷ የልጇን ሣጥን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው።

ቦራም ዳሪንን አፍጥጣ አየቻት። «ትናንት ቁጭ ብለሽ በልተሻል» አለቻት። «እማዬ ቆርጣ ሰጥታሽ፣ ቁጭ ብለሽ በላሽ።»

«አዎ።»

«ታስጠዪኛለሽ።»

ቦራም አውቶቡሱ ላይ ወጥታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጎኗ ባለው ወንበር ላይ አደረገች። ዳሪን አልለመነቻትም፣ ይቅርታም አላለቻትም፤ ይቅርታዋ መጀመሪያ የሚገባው ለእናትየዋ ነው። አልፋ ሄዳ ከኋላ ብቻዋን ተቀመጠች። የተሰጣትን ሣጥን አልያዘችም፤ ከነማኅተሙ ሜዳው ላይ ትታዋለች።

አውቶቡሱ ከበሩ ሳይወጣ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። እናቷ ናት፦ «በሰው ፊት አዋረድሽኝ። የእናትሽን ጉድ እንዲህ ይዘረግፋሉ? ምን አድርጌሽ ነው?»

ዳሪን ረጅም ነገር ጻፈች፤ አጠፋችው። እንደገና ጻፈች፤ አጠፋችው። መጨረሻ ላይ እንዲህ ብላ ላከች፦ «እማ፣ ስንመለስ የምወርደው የቦራም እናት ሱቅ በር ላይ ነው። ብቻዬን ከምገባ አብረን ብንገባ ይሻላል። እዛው ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን አጠፋችው።