ቀስ ብሎ የፈረሰው ሕንፃ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መሬቱ እንደ ልማዱ ሲነቃነቅ የስምጥ ከተማ ሰዎች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ የሻይ ብርጭቋቸውን ከጠረጴዛው ከፍ አደረጉ። ሲያልፍ መልሰው አስቀመጡት። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ በተቆረቆረችው በዚህች ከተማ ቤቱ ሁሉ በቀስታ ይወዛወዛል፤ ሕፃናቱም ያለ እሹሩሩ ይተኛሉ።

ከተማዋ የተሠራችው «ጎማርማ» ከሚሉት ነገር ነው፤ አሮጌ የመኪና ጎማ ተፈጭቶ ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር የተቦካ አርማታ። ውስጡ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች ተዘርግተውበታል። የራውዳ ሥራ እነዚህን ክሮች ማዳመጥ ነበር። ጓንቷን አጥልቃ መዳፏን ምሰሶ ላይ ስታሳርፍ ክሮቹ የምሰሶውን ጥንካሬ በቁጥር ያንሾካሹኩላታል። ዓይኗን ጨፍና ስትሰማቸው ከሩቅ የሚመጣ ዝናብ ይመስሏታል።

ያን ዕለት የአራተኛው ሕንፃ ዋና ምሰሶ «አሥራ አራት» አላት። ሕጉ ከሃያ በታች አይፈቅድም። ጓንቱ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከምሰሶው ቁራጭ አስወጣችና በላቦራቶሪው መጭመቂያ ፈተነችው። አሥራ አራት። ሕንፃው ውስጥ ስልሳ ቤተሰብ ይኖራል።

የሕንፃውን አርማታ ያስቦኩት ጋሽ ደግአረገ ነበሩ። በጎልማሳነታቸው ጎሚስታ ሆነው ብዙ ጎማ ጠግነዋል። ራውዳ ፋብሪካው በር ላይ፣ በጎማ ክምር ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ አራተኛው ሕንፃ ላይ ስንት ጎማ ጨመሩ?»

«የታዘዝኩት በአሸዋው ፋንታ አሥራ አምስት በመቶ ነበር። እኔ ሠላሳ አደረግሁት።»

«ጎማው ሲበዛ ጥንካሬው እንደሚቀንስ እያወቁ?»

«አውቃለሁ ልጄ። በልጅነቴ የኖርንበት ፎቅ ጠንካራ ነው የተባለ ደረቅ አርማታ ነበር። መሬት ሲንቀጠቀጥ እንደ ብርጭቆ ነው የረገፈው። እናቴ በሩ ጋ ልትደርስ ሁለት እርምጃ ነበር የቀራት።»

«እና የእርስዎን ሐዘን ስልሳ ቤተሰብ ይሸከመው?» አለቻቸውና እየሮጠች ተመለሰች። ሕንፃው ባስቸኳይ እንዲለቀቅ አዘዘች።

ሰዉ እየተነጫነጨ መውረድ እንደ ጀመረ ትልቁ መንቀጥቀጥ መጣ። ማዶ ያለው ባዶ መጋዘን ከጎማርማ በፊት የተሠራ ስለሆነ አርማታውን ጎማ አልነካውም፤ በፈተና አርባ ያመጣ ነበር። በአራት ሰከንድ ዱቄት ሆነ። አራተኛው ሕንፃ ጎንበስ አለ። ምሰሶው ተሰነጣጠቀ፤ በየስንጥቁ ውስጥ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪዎች ግራና ቀኙን ይዘው ተወጠሩ።

ዋናው ምሰሶ ሥር የቆመችው ራውዳ ጓንት ያጠለቀ መዳፏን ከምሰሶው አላነሳችም። ስምንት። አምስት። በስሌቱ መሠረት ስድስት ላይ መውደቅ ነበረበት። ሰዎች ባዘመመው ደረጃ ላይ ግድግዳውን እየዳበሱ፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው በዝግታ ይወርዳሉ። አንዲት የአልጋ ቁራኛ የሆነች ሴት ከነፍራሿ ተሸክመው አወረዷት። ሦስት። በሃያ ስድስተኛው ደቂቃ የመጨረሻው ሰው ወጣ፤ የሕንፃው ጥበቃ ራውዳን በትከሻዋ ጎትቶ አወጣት። ሕንፃው እንደ ደከመ ግመል ተንበረከከ፣ ከዚያም ተኛ።

አደጋውን ሊያጣሩ የመጡት መርማሪዎች፣ አርማታውን ያስቦካው ሰውዬ ሕንፃውን አፈረሰው ወይስ ሰዉን አዳነ ብለው ጠየቋት። «በታዘዘው ልክ ቢቦካ ምናልባት ባልፈረሰ፤ ምናልባትም እንደ መጋዘኑ በረገፈ። አላውቅም» ብላ ጻፈች።

ጋሽ ደግአረገ ራውዳ ወደ ፋብሪካው በር ስትመጣ ቀና ብለው አላዩአትም።

«ፈረሰ አይደል?»

«ፈረሰ ጋሼ።» አጠገባቸው ተቀመጠች። «ሁሉም ከወጡ በኋላ ነው የፈረሰው።»

ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ ራውዳ አዲስ ቁራጭ መጭመቂያው ውስጥ አስገባች። የሰው ልጅ ድንጋይ መደርደር ከጀመረ ወዲህ ስንት ክብደት ትችላለህ እያለ ድንጋዩን ሲጠይቀው ኖሯል፤ እሷም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። ቁራጩ ተሰነጠቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ማሽኑን አጥፍታ ቁጥሩን ትመዘግብ ነበር። አላጠፋችውም። ሰዓቷን አየችና ቁራጩ ከተሰነጠቀ በኋላ የሚቆይባቸውን ደቂቃዎች መቁጠር ጀመረች።